አባዬ ከቬንደርሎ አልነቃነቅ አሉ

ሮም፣ ማርች 18 ቀን 2024

ይድረስ ለአባቴ ለመምህር ሳህለ፣

እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎ እንዴት ነው? እኔ ደህና ነኝ። ቅዳሜ ዕለት ስልኩን ጆሮዎ ላይ ስለዘጋሁት ይቅር ይበሉኝ፤ እማዬ ብትኖር በጥፊ ትለኝ ነበር። ግን እርስዎም «ስልክ ላይ የምትጮሂውን አልሰማም፤ ቁም ነገር ከሆነ ጻፊው» ብለው ደሜን አፈሉት። ይኸው ጻፍኩ። ቴምብር ስገዛ ባለሱቁ ገርሞት «ለማን ነው?» አለኝ። ለአባቴ ነው ስለው «ስልክ የላቸውም እንዴ?» አለ። ስልክስ አላቸው፣ ጆሮ ነው የሌላቸው ልለው ምንም አልቀረኝ።

ቁም ነገሩ ይህ ነው። የጣሊያን ዜግነቴን ስላገኘሁ አባቴን ወደ እኔ ማምጣት መብቴ ሆኗል። ኩዌስቱራው፣ የስደተኛ ወረቀት የሚያየው የፖሊስ መሥሪያ ቤት፣ ለሜይ 28 ቀጠሮ ሰጥቶናል፤ አባትና ልጅ በአካል አብረን መቅረብ አለብን። ይህን ቀጠሮ ለማግኘት ወደ ሆቴሉ ሥራዬ ከመግባቴ በፊት ስንት ጠዋት እንደተሰለፍኩ አልነግርዎትም። ክፍልዎ ተዘጋጅቷል። ፒኜቶ የሚባል ሰፈር ነው፤ መስኮቱ ሥር ትራም ያልፋል፣ ሰው ሲወጣ ሲወርድ እያዩ ይውላሉ ብዬ ነው የመረጥኩት። ቤቱን ከምጋራት ከሶሊ ጋር አልጋዎን ተሸክመን አራተኛ ፎቅ ስናወጣ ጎረቤቱ ሁሉ በሩን ከፍቶ አየን እንጂ እጁን የዘረጋልን የለም።

ከእርስዎ የሚጠበቀው የሆላንድ የመኖሪያ ፈቃድዎንና የእርስዎንና የእማዬን የጋብቻ ወረቀት ይዞ መምጣት ብቻ ነው። ሁለት ጊዜ እዚያ ድረስ መጥቼ አይቼዎታለሁ፤ አልጠገብኩም። እንደሚመጡ ይጻፉልኝ።

ልጅዎ ሶፍያ


ቬንደርሎ፣ መጋቢት 21 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለምወድሽ ልጄ ለሶፍያ፣

ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። ይቅርታሽን ተቀብያለሁ። ጉልበቴ ከዚህ አገር ብርድ ጋር ድርድር ላይ ነው፤ እስካሁን አልተስማሙም። ስለ ቀጠሮው ረጋ ብዬ አስቤ እጽፍልሻለሁ።

እስከዚያው አንድ ነገር ላጫውትሽ። ባለፈው ስትመጪ «ይሄ መንደር ምን ታሪክ አለው? ላምና ዝናብ ብቻ» ብለሽኝ ነበር። ዕድሜውን ሙሉ ታሪክ ላስተማረ ሰው እንዲህ አይባልም። ከአጥሬ ወዲያ ያለው ሽማግሌ ሄርማን፣ ያ ላም ያረባ የነበረው፣ ሰሞኑን ማሳው ጫፍ ወስዶ በአካፋ ቆፍሮ አሳየኝ። ከላይ ክንድ የሚያህል ጥቁር አፈር፣ ከሥሩ ነጭ አሸዋ። ጥቁሩን አፈር እግዚአብሔር አልሠራውም፤ የቬንደርሎ ሰው ነው የሠራው። አገሩ አሸዋ ስለነበር እህል አይቀበልም። ስለዚህ የጥንቶቹ በግ ያረቡ የነበረው ለሥጋው ወይም ለጠጉሩ ብለው ሳይሆን ለበጠጡ ነው። የሜዳውን ሣር ከነሥሩ ልጠው በረት ውስጥ ያነጥፋሉ፤ በጉ ይተኛበታል፤ ከዚያ አውጥተው ማሳ ላይ ይበትኑታል። አንድ ሰው ዕድሜ ልኩን ሲበትን ኖሮ ቢሞት አፈሩ ቢያድግ የጣት ውፍረት ነው። ይህ ሁሉ የስንት ሰው ዕድሜ እንደሆነ አስቢው። ሄርማን «የቆምከው አያቶቼ ላይ ነው» ሲለኝ ሳላስበው ጫማዬን ላወልቅ ጎንበስ ብዬ ነበር። ምን ሆነህ ነው ብሎ ሳቀብኝ።

ባለፈው በላክሁልሽ የፖስታ ካርድ የጠየቅኩሽን አልመለስሽልኝም። የእናትሽ ቀብር ላይ የነበሩት እነማን ናቸው?

አባትሽ ሳህለ


ሮም፣ አፕሪል 9 ቀን 2024

አባዬ፣

ጤና ይስጥልኝ። ስለ ቀጠሮ ብጠይቅዎት ስለ በግ በጠጥ ጻፉልኝ። ደብዳቤውን ደጋግሜ አነበብኩት፤ መሃሉ ላይ «እመጣለሁ» የምትል ቃል ተሸሽጋ ይሆናል ብዬ። የለችም። ሶሊ ደግሞ ትርጉሙን ካልነገርሽኝ ብላ አስነበበችኝና «አባትሽ ደስ ሲሉ!» አለች። ለእሷ ደስ ይበሏት፤ አልጋ ገዝታ የምትጠብቃቸው እሷ አይደለችም።

ስለ እማዬ ቀብር ከዚህ በፊት ነግሬዎታለሁ። አምስት ዓመት ካለፈ በኋላ ለምን እንደሚጠይቁኝ አይገባኝም። እኔ ነበርኩ፣ ሶሊ ነበረች፣ ቄሱ ነበሩ፣ እማዬ ትጦራቸው የነበሩት አሮጊት ልጅ መጥቶ ነበር። ሳጥኑን የተሸከሙት የቀብር ድርጅት ሠራተኞች ናቸው፤ ጓንት አድርገው፣ አንዱ ማስቲካ እያኘከ። ፖሊስ ስደተኞች ተሰብስበን እንኖርበት ከነበረው ከፒያሳ ኢንዲፔንዴንሳው ሕንፃ ካስወጣን በኋላ ጎረቤቶቻችን ተበተኑ፤ ገሚሱ ካስቴልኑቮ ዲ ፖርቶ ካምፕ፣ ገሚሱ ጀርመን፣ ገሚሱ የት እንደገባ አይታወቅም። ያ ሕንፃ ሙሉ ሰው ቢኖር ኖሮ እማዬ እንደዚያ አትሄድም ነበር። እርስዎ ያኔ ሆላንድ ካምፕ ውስጥ ያለ ወረቀት ነበሩ፤ ድንበር ማለፍ አይችሉም ነበር። ማንም አልወቀሰዎትም። ይኸው ጻፍኩት፤ ሁለተኛ አያስጽፉኝ።

አሎራ፣ እንግዲህ፣ ሜይ 28 ይመጣሉ ወይስ አይመጡም?

ሶፍያ


ቬንደርሎ፣ ሚያዝያ 14 ቀን 2016 ዓ.ም.

ሶፍያዬ፣

በቁጣሽ ውስጥ እናትሽን ሰማኋት። ስለ ቀብሩ ሁለተኛ አልጠይቅሽም።

ሄርማን ሳንባውን ታሟል። ሐኪሞቹ ወደ ቤቱ መልሰውታል፤ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባሻል። በየማለዳው እየሄድኩ ምድጃውን እለኩሳለሁ፣ ሚስቱ ዲኒ ትንሽ እንድታርፍ አልጋው አጠገብ እቀመጣለሁ። ትንፋሹ ሲመለስለት ስለ መንደሩ ይነግረኛል።

በአሥራ ሰባተኛው ምዕተ ዓመት እዚህ ወረርሽኝ ገብቶ ነበር። ሰው ሁሉ በሩን ዘጋ። አንድ ሸማኔ ሞተና ሚስቱ ብትጣራ ማን ይውጣላት? የቤቷን በር ከማጠፊያው ነቅላ፣ ባሏን በሩ ላይ አስተኝታ፣ በገመድ ጠፍራ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ብቻዋን ጎተተችው። ሰው በመስኮት ያያት ነበር። በሽታው ካለፈ በኋላ የተረፉት እርስ በርስ መተያየት አቃታቸው። ተሰብስበው ሕግ አወጡ፦ ከእንግዲህ በቬንደርሎ ማንም ሟቹን ብቻውን አይወስድም። ለእያንዳንዱ ቤት የመጀመሪያ ጎረቤት የሚባል ተለየለት። ሰው ሲሞት ለመንደሩ የሚያረዳው፣ ደወል የሚያስደውለው፣ ሳጥኑን ከፊት ሆኖ የሚሸከመው እሱ ነው። አዲስ ሰው መንደሩ ሲገባ አንድ ጠርሙስ አረቄ ይዞ ቤት ለቤት እየዞረ ጎረቤት ሁኑኝ ይላል። ከጠጡለት በኋላ ሲጠሩ እምቢ ማለት ለእነሱም ለእሱም የለም። እስከ ዛሬ እንዲሁ ነው።

እኔም ይህን ቤት በሰጡኝ ዓመት ጠርሙሴን ይዤ ዞሬያለሁ። አልነገርኩሽም እንጂ የሄርማን የመጀመሪያ ጎረቤት እኔ ነኝ። ያገራችን ሰው «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» ይላል፤ እነዚህ ደግሞ ተረቱን ሕግ አደረጉት።

ስለ ቀጠሮው የሄርማንን ነገር አይቼ እጽፍልሻለሁ።

አባትሽ


ሮም፣ ሜይ 6 ቀን 2024

አባዬ፣

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰዎ። ትናንት ዶሮውን እኔና ሶሊ ሠርተን በላን፤ ለእርስዎ ያስቀመጥኩትን ዛሬ እያለቀስኩ በላሁት።

የሩቅ ዘመድ ማለት እኔ ነኝ? አንድ ልጅዎ! ሐሳብዎ እንደዚያ እንዳልነበረ አውቃለሁ፤ ግን ጻፉት፣ እኔም አነበብኩት። እኔ አባቴን ለማምጣት ቢሮ ለቢሮ ስንከራተት እርስዎ ፈረንጅ እድር ገብተዋል! ሄርማን ልጆች የሉትም? ሌሎቹ ቬንደርሎዎች የት ሄዱ? ያ ሁሉ ሕግ ከወጣ በኋላ የሚሸከም ሰው ከደብረ ብርሃን መምጣት ነበረበት?

ደግሞ ስለዚያች በር ነቅላ ባሏን ስለጎተተችው ሴት ለእኔ መጻፍዎ ምን ይባላል? ለቀባሪው አረዱት ማለት ይሄ ነው።

ቲኬቱን ቆርጫለሁ፤ ከአይንድሆቨን ሜይ 26። ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዤዋለሁ። የሆቴሉን ቱርኖዬን፣ የሥራ ተራዬን፣ ከባልደረባዬ ጋር ተለዋውጬ አውሮፕላን ማረፊያ እጠብቅዎታለሁ። ሁለት ቀን ሮም ቆይተው ከቀጠሮው በኋላ መመለስ ከፈለጉ እንኳ ይመለሱ፤ ወረቀቱ ብቻ ይጀመር። ከዚህ የቀለለ ነገር ልለምንዎት አልችልም።

ሶፍያ


ቬንደርሎ፣ ግንቦት 11 ቀን 2016 ዓ.ም.

ልጄ፣

ቲኬቱ ደርሶኛል። እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ያልኩት ቃል ስላስቀየመሽ ይቅርታ አድርጊልኝ፤ ተረት ስጠቅስ የሚሰማኝ ሰው ማን እንደሆነ መርሳት የቆየ በሽታዬ ነው።

ሄርማን አልሞተም፣ አልዳነምም። ልጆቹ አሉ፤ ግን በደንቡ መሠረት ልጅ አይሸከምም። ልጅ ከኋላ ሆኖ ያለቅሳል፤ ሸክሙ የጎረቤት ነው። ይህን ደንብ ስሰማ ምን እንደተሰማኝ ሌላ ጊዜ እነግርሻለሁ።

ትናንት ሄርማን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አባቱ ጎተራ ውስጥ ከጀርመኖች የሸሹ ሰዎች ይደብቅ እንደነበር ያወራኝ ጀመር። ጎረቤቶቹ ሁሉ ያውቁ ነበር፤ አንድም አፉን የከፈተ የለም። ከጦርነቱ በኋላ እንኳ ስለዚያ ነገር አይነጋገሩም ነበር አለኝ። ሳይጨርሰው እንቅልፍ ወሰደው። እስኪነቃ ድረስ ልጠብቀው ይገባል፤ የቀረውን የሚነግረኝ ሌላ ሰው የለም።

በ26 መምጣት አልችል ይሆናል። አትቆጪ።

አባትሽ


ሮም፣ ሜይ 29 ቀን 2024

ለመምህር ሳህለ፣

ትናንት ብቻዬን ሄድኩ። ተራዬ ሲደርስ ጸሐፊዋ «አባትሽስ?» አለችኝ። «ጎረቤት ታሞባቸው ነው» አልኳት። በጣሊያንኛ ስለው ራሴም አላመንኩትም። ሴትዮዋ ክፉ አይደለችም፤ ቫ ቤኔ፣ ይሁን ብላ ሌላ ቀን ፈልጋ ሰጠችኝ፦ ሴፕቴምበር 17። ያን ቀንም ከቀራችሁ ጥያቄው ይዘጋል፣ ከመጀመሪያው ትጀምራላችሁ አለች።

ከእርስዎ ጋር መከራከር ውሃ መውቀጥ ነው። እኔ ደክሞኛል። አልጋውን ሶሊ ልብስ ማስጫ አድርጋዋለች፤ ተይ አላልኳትም።

ሶፍያ


ቬንደርሎ፣ ሰኔ 2 ቀን 2016 ዓ.ም.

ልጄ ሶፍያ፣

ሄርማን አንቺ ኩዌስቱራ በነበርሽበት ቀን ሞተ። ቢነጋ ቢመሽ ይህን አንቺ እንዴት እንደምታነቢው ሳስብ ነው የሰነበትኩት።

ደወሉን አስደወልኩ። ቤት ለቤት እየዞርኩ በተሰባበረ ሆላንድኛዬ አረዳሁ። ከፊት በቀኝ በኩል ተሸከምኩት፤ ጉልበቴም አላሳፈረኝም። ከቀብር በኋላ ግን ስህተት ሠራሁ። የመጀመሪያ ጎረቤት ነኝ ብዬ ከዲኒ ቤት ቀረሁ። ማታም አልሄድኩም፤ ጋቢዬን ለብሼ ሳሎኑ ወለል ላይ ተኛሁ። በማግስቱም ቁጭ አልኩ። ዲኒ ቡና አቀረበችልኝ፣ ሾርባ አቀረበችልኝ፣ ደጋግማ በመስኮት ወደ ቤቴ ታያለች። በሦስተኛው ቀን ልጇ መጥቶ በትሕትና «መምህር፣ ቤትህ ማሞቂያው ተበላሽቷል እንዴ?» አለኝ። ለካ እነሱ ከቀብር መልስ ቡናና ኬክ ቀምሰው ወደየቤታቸው ይገባሉ። እኔ ሰልስት እስኪወጣ ሐዘንተኛ ብቻውን አይተኛም ብዬ ነው። በእንግሊዝኛ ያስረዳሁትን ልጁ ለዲኒ ሲተረጉምላት መጀመሪያ ሳቀች፤ ከዚያ ከቀብሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ አውጥታ አለቀሰች።

አሁን የደበቅኩሽን ልንገርሽ። ሮም መምጣት ፈራሁ። እዚያ ስሞት አንቺ ለሁለተኛ ጊዜ ጓንት ካደረጉ ሰዎች ኋላ ብቻሽን ስትሄጂ ይታየኛል። የእናትሽን ቀብር ደጋግሜ የጠየቅኩሽ፣ ምናልባት አንድ ሰው ረስተሽ ይሆናል፣ ምናልባት ትከሻ ያበደረሽ አንድ ሰው ነበር ብዬ ነው። አልነበረም። እዚህ ግን ጠጥተውልኛል፤ ስሞት ይሸከሙኛል፣ አንቺ ከኋላ ሆነሽ ማልቀስ ብቻ ይሆናል ሥራሽ። መንደሩን የወደድኩት ለታሪኩ ብቻ አልነበረም ልጄ። አባት ለልጁ የሚያወርሰው ነገር ሲያጣ ቢያንስ ሸክሙን ያቀልላታል ብዬ ነው።

ተቆጪኝ፤ ግን ይህን እወቂልኝ።

አባትሽ ሳህለ


ሮም፣ ጁን 24 ቀን 2024

አባዬ፣

ደብዳቤዎን አንብቤ መጀመሪያ ቀደድኩት። ከዚያ በፕላስተር አያያዝኩት።

ትናንት ጰራቅሊጦስ ነበር። አንድ ጠርሙስ ግራፓ አረቄ ገዝቼ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ቅዳሴ ሲያልቅ ወንዶቹ በር ላይ ቆመው የሚያወሩበት ቦታ ሄጄ ጠርሙሱን አወጣሁና «አባቴ ሮም መጥተው ቢሞቱ ማን ይሸከማቸዋል?» አልኩ።

ታክሲ የሚነዳው ዑቕባሚካኤል አማተበ። «አባትሽ ታመዋል እንዴ?» አለኝ።

«ደህና ናቸው።»

«ታዲያ በበዓል ቀን ምን ያስሟርትሻል? አፍሽን በቁርባን!»

አጠገቡ የቆመው ጴጥሮስ ደግሞ «ጠርሙሱን ተቀበሏት፤ ይቺ ልጅ ጠጥታለች» አለ። እኔ ጠብታ አልቀመስኩም። ግን ማልቀስ ጀመርኩና ሁሉንም ነገርኳቸው፦ ጓንቶቹን፣ ማስቲካውን፣ እርስዎ ለአንድ የሆላንድ ገበሬ ወለል ላይ መተኛትዎን ሁሉ።

ተኽለብርሃንን ያስታውሱታል? በዚያ ሕንፃ ከእኛ በላይ ይኖር የነበረው፤ እማዬ በስልክ ታነሳልዎት የነበረው። እሱ ተናደደ። «የእናትሽን የወርቅነሽን ሞት የሰማሁት ከተቀበረች ከወራት በኋላ ነው። ሁላችንም ስልክ ቀይረን ነበር፣ ማን ይንገረን? ብሰማ ኖሮ በእግሬ እመጣ ነበር!» ብሎ ጮኸብኝ። ከዚያ ጠርሙሱን ከእጄ ነጥቆ ከፈተውና ጠጣ። «ከነገ ጀምሮ የሐዋርያት ጾም ነው፤ የምትጠጡ ዛሬ ጠጡ» ብሎ ለጴጥሮስ ሰጠው። ዑቕባሚካኤል እያጉረመረመ ጠጣ። ቄሱ አባ ተወልደ ብርሃን ወጥተው ግቢያቸው ውስጥ አረቄ ሲዞር አዩና ገሠጹኝ። ምክንያቱን ሲሰሙ ግን «ቄስ ነኝ ማለት ትከሻ የለኝም ማለት ነው?» አሉ።

እንግዲህ ተሸካሚ ከፈለጉ ይኸው፣ አለዎት። ሁለተኛ ይህን ምክንያት አያምጡብኝ።

ግን አባዬ፣ እኔ የጠራሁህ ልቀብርህ አይደለም። አብሬህ ምሳ ልበላ ነው። ከሥራ ስገባ ቤቱ መብራት በርቶ እንዲጠብቀኝ ነው። ትራሙ ስለሚያስቸግርህ እንድታማርርብኝ ነው። አንተ እንዴት እንደምትሞት ስታቅድ አምስት ዓመት አለፈ፤ እኔ እንዴት እንደምንኖር ሳቅድ ያው አምስት ዓመት አለፈ። እማዬን በቂ ጊዜ አላገኘኋትም። አንተንስ በሕይወት እያለህ ለምን ልጣህ?

አንተ ማለቴን ይቅር ይበሉኝ። እየጻፍኩ ሳለሁ መጣብኝ፤ አልሰርዘውም።

ሴፕቴምበር 17። ይመጣሉ ወይስ አይመጡም? በአንድ ቃል ይመልሱልኝ። ስለ ቬንደርሎ ምንም እንዳይጨምሩ። ስለ በጉ፣ ስለ አፈሩ፣ ስለ ደወሉ፣ ስለ ጎተራው አንዲት መስመር ካየሁ ደብዳቤውን ሳልጨርስ እንደምመልሰው ይወቁ።

ሶፍያ


ቬንደርሎ፣ ሰኔ 29 ቀን 2016 ዓ.ም.

ልጄ ሶፍያ፣

እመጣለሁ።

ስለ ቬንደርሎ እንዳልጽፍ ስላዘዝሽኝ ሌላ የምጽፈው የለኝም።

አባትሽ ሳህለ